አባቴ አፍ ላይ የቀረው እሺ

ባለፈው ማክሰኞ ከገበያ ወደ ቤት ያደረሰኝ የባጃጅ ሹፌር መንገዱን ሙሉ ስልክ ሲያወራ ነበር፤ ማውራት ከተባለ። ከአፉ የወጣው ቃል አንድ ብቻ ነው። «እሺ… እሺ… እሺ!… እሺ?… እሺ በቃ… እሺ እሺ።» ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል አጣብቆ፣ አንገቱን አዘንብሎ ሲነዳ ከወናጎ በኩል የሚመጣ አይሱዙ ለጥቂት ሳተን። እኔ የገዛሁትን አናናስ ጭኔ ላይ አቅፌ፣ መጮህ ሲገባኝ ጆሮዬን ጥዬ እሰማለሁ። የአስተማሪ አመል ጡረታ አይወጣም።

የመጀመሪያው እሺ «እየሰማሁህ ነው» ማለቱ ነው። ሁለተኛው «አውቄዋለሁ፣ አሳጥረው» ይላል። ድምፁን ከፍ ያደረገበት «ቆይ ብቻ፣ እንተያያለን» ነው፤ በጥያቄ የጨረሰው ደግሞ «አደራህን» ነው። የመጨረሻዎቹ ስልኩን ለመዝጋት ያህል የተጣሉ ናቸው። ደጃፌ ላይ ሲያወርደኝ «እማማ፣ ደህና ዋሉ» አለኝ። «እሺ» አልኩት። እኔስ ምን ማለቴ ነበር?

ዕድሜዬን ሙሉ ሕፃናት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የእሺን ጉድ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። «ጭቃ ውስጥ አትግቡ፣ እሺ?» ስላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ «እሺይይ!» ይላል፤ ከዚያ ደወል ሲደወል ተያይዘው ጭቃ ውስጥ ይገባሉ። የምኖርባት ዲላ ደግሞ የሁሉም አገር ነች። ጌዴኦውም፣ ኦሮሞውም፣ ሲዳማውም፣ ጉራጌውም ይህችን ቃል ተቀብሎ በየራሱ ዜማ ይላታል። ዓይኔን ጨፍኜ እሺ ሲሉ ብሰማ ማን ከየት እንደሆነ የምለይ ይመስለኛል። ቢሮ ስትሄዱ «እሺ፣ ነገ» ትባላላችሁ፤ የነገው እሺ ለከነገ ወዲያ ነው።

ከየት እንደመጣች አብሮኝ ያስተምር የነበረ የአማርኛ መምህር ጠይቄው ነበር። «እሺ ይበልጣል ከሺ የሚለው ተረት ነው የወለዳት» ብሎ ቀለደብኝ። ሲያመርር ደግሞ ማንም አያውቀውም አለ። እኔ በበኩሌ ሕፃን ከማባበል የመጣች ይመስለኛል፤ እሽሽ ከምንለው፣ እሽሩሩ ከምንለው። ማስረጃ አምጪ ብትሉኝ ልጆቼን ካስተኛሁበት ክንዴ በቀር ማስረጃ የለኝም። ግን እስቲ አስቡት፤ ዝም በል የሚለው ድምፅና እሺ የሚለው ቃል ያን ያህል ይራራቃሉ? እኔን የጎዳኝ እሺ ጨርሶ ያልተባለው ነው።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ ወናጎ ተመድቤ አስተምራለሁ፤ ጠዋት ከዲላ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ታሪኩም እዚያው ሳይንስ ያስተምር ነበር። አገሩ ከጨለለቅቱ በላይ ያለ መንደር ነው፤ ጌዴኦ ነው። ከትምህርት ቤት እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለውን መንገድ አብረን እንሄዳለን። የቡና ለቀማ ወቅት ከሆነ ማጠቢያ ጣቢያው በኩል ሲነፍስ ያ የቡና ልጣጭ ጣፋጭና ጎምዛዛ ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል። ታሪኩ ቆንጆ ነው አልልም፤ ጥርሱ መሃል ሰፊ ክፍተት አለው፣ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። ግን ከሱ ጋር ስሄድ ሚኒባስ ቢዘገይ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን አስፋልቱ ዳር ቆመን አቮካዶ በማንኪያ እየበላን ሳለ፣ ፊቴን ሳያይ፣ «ሽማግሌ ልልክ ነው» አለኝ።

«ወደ ማን?» አልኩት።

«ወደ አባትሽ፣ ወደ አቶ ወልዴ ነዋ። ሱሪ ላሰፋ መሰለሽ?»

«እሺ» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠችኝ እሺ የለችም። ምን ያደርጋል፣ የኔ እሺ የመንገድ ናት። የቤቱ እሺ ያለችው አባቴ አፍ ውስጥ ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ ዲላ ያደገ፣ ገበያው አጠገብ በሲንጀሩ ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው ነው። የልብስ ሰፊ እሺ ደግሞ ታውቋታላችሁ። «አቶ ወልዴ፣ ለሐሙስ ይድረስልኝ» ሲሉት «እሺ» ነው። ሐሙስ ጨርቁ ገና አልተቆረጠም። ቀኑን ሙሉ እሺን እንደ ክር ቁራጭ ሲበትናት የሚውል ሰው፣ ማታ ለናቴ እንኳ አይነፍጋትም። ለልጁ ሲሆን ግን ሥርዓት አለው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ምግብ ይቀርብላቸዋል። እነሱ ግን ቃሉን ሳይሰሙ እህል አይቀምሱም። አለመቅመሳቸው ልመናቸው ነው፤ ርቧቸውም ቢሆን ተዘርግቶ የቀረበውን እያዩ ይለምናሉ። መልስ ሳይሰጣቸው ከበሉ ነገሩን ተዉት ማለት ነው። አባትም በበኩሉ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፣ በሁለተኛውም። ፈጥኖ የሰጠ አባት «ልጁ ከብዳው ነበር» ይባላል። እና ቃሉ ለሚለምን ሰው ነው የሚሰጠው። ያልለመነን ሰው ጠርቶ «እንካ ልጄን» ማለት ልጅን ሜዳ ላይ መጣል ነው። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ያደግሁ ነኝ፤ ያን ጊዜ እንግዳ ነገር ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም።

መጀመሪያ ሲመጡ አባቴ «ሰምቻለሁ፣ ከዘመድ ልማከር» አላቸው። ሁለተኛ ሲመጡ «ወንድሜ ይምጣልኝ» አላቸው። ሽማግሌዎቹም አልተከፉም፤ እንደሚመለሱ ያውቃሉና ሳቅ ብለው ነው የወጡት። ሦስት ናቸው። አፈ ጉባኤያቸው ጋሽ ማቴዎስ የሚባሉ፣ የታሪኩ አጎት፣ ንግግር የሚያውቁ ሰው ናቸው። ዋናው ሽማግሌ ግን አቶ ወራሳ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ጢም ያላቸው አዛውንት፤ በአገራቸው እሳቸው የሄዱበት ሽምግልና ባዶ እጁን አይመለስም ይባላል። ታሪኩን ከሕፃንነቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አማርኛቸው ገና በጉልምስና የተማሩት ነውና ወንድና ሴት ይደባለቅባቸዋል። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ስለ እኔ «ልጅህ ጎበዝ ነው አሉ፣ ያስተምራል አሉ፣ እኛ ሰምተን መጣን» ሲሉ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ በሚመጡበት ቀን ጠዋት እናቴ ጓዳ ገብታ ጆሮዬ ሥር «ዛሬ ይላቸዋል» አለችኝ። ምን እንደሚል መናገር አላስፈለጋትም። ከሌሊቱ ጀምራ ስትሠራ ነበር፤ ቅቤ የጠጣ ቆጮ፣ ክትፎ፣ አይብ፣ ጎመን፣ የቡላ ገንፎ፣ በጎን ማር በሳህን። ቆጮ የጉራጌም የጌዴኦም ነው፤ እናቴ «በዚህስ አንጣላም» ትል ነበር። አባቴ ራሱ የሰፋውን ኮት ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል። ሱቁን ዘግቶ መዋሉን አይቼ ነው ያመንኩት።

በጠዋት ይመጣሉ የተባሉት ሰዎች እስከ ምሳ ሰዓት አልመጡም። ኅዳር ነው፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲገባው ያን ሰሞን አላባራም። ኋላ እንደተረዳነው የተሳፈሩበት መኪና ከመንደራቸው ወደ አስፋልቱ ሲወርድ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ፣ እስከ አስፋልቱ በእግራቸው ነው የወረዱት። በር ሲያንኳኩ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ። አቶ ወራሳ በትራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀመጡ። እናቴ ምግቡን አቀረበች፤ እንደ ሥርዓቱ ማንም አልነካውም።

እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። ጋሽ ማቴዎስ ተነሥተው ንግግራቸውን ጀመሩ። ከአዳምና ከሔዋን ተነሥተው፣ በይስሐቅና በርብቃ አድርገው፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ጉርብትናው፣ ስለ ሁለቱ ሕዝብ አንድ ቆጮ መብላት አወሩ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን «ያሳጥሩት በማርያም» እያልኩ ነበር፣ ጴንጤ ሆኜ። ምክንያቱም አቶ ወራሳን አየኋቸው። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በትሩን የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስኳር እንዳለባቸው ታሪኩ ነግሮኛል። ያልነገረኝ፣ እሱም ያላወቀው፣ አቶ ወራሳ ቃሉን እስኪሰሙ ድረስ ብለው ከማለዳው ጀምሮ ጾም ጸሎት መያዛቸውን ነው። ክኒናቸውን ውጠዋል፤ እህል ግን በአፋቸው አልዞረም።

ወጥቼ ልናገር? የምትጠየቅ ልጅ በሽማግሌ ፊት አትወጣም። ለናቴ በእጄ ምልክት ሰጠኋት፤ እሷ ግን የምታየው አባቴን ነበር። ጋሽ ማቴዎስ ንግግራቸውን ጨርሰው፣ ጎንበስ ብለው «እባክዎ አቶ ወልዴ» አሉ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ኮቱን ወደ ታች ሳብ አደረገ። አፉን ከፈተ።

በትሩ ወደቀ። አቶ ወራሳ ወደ ጎን ዘንበል አሉ፣ ዓይናቸው ተገለበጠ። እናቴ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ምንም አላሰበችም፤ ማሩን በጣቷ ዝቃ አፋቸው ውስጥ ከተተች፣ ደግማ ከተተች፣ ጉንጫቸውን እየደባበሰች «ይዋጡ አባባ፣ ይዋጡልኝ» ትላለች። ትንሽ ቆይቶ ዋጡ። ከዚያ ሰውነታቸው ራሱ ነቃና ሁለት እጃቸውን ወደ ገበታው ሰደዱ። ቆጮውን እየቆረሱ፣ ክትፎውን እያፈሱ፣ ዓይናቸው ምንም ሳያይ በሉ። ጋሽ ማቴዎስ «አባ! አባ!» ብለው እጃቸውን ሊይዙ ሞከሩና ተዉት። ማን ይይዛል? በሽታ እኮ ነው የሚበላው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል።

ነፍሳቸው ስትመለስ አቶ ወራሳ በጃቸው ያለውን ቆጮ አዩት። ቀስ ብለው ገበታው ላይ መለሱት። ጢማቸው ላይ ቅቤ አለ።

«ምንድን ነው ያደረግኩት እኔ?» አሉ። «ልጂቱን በላሁት።»

አባቴ ደነገጠ። «ኧረ ምንም አይደለም አባ! ይብሉ፣ እህል አይደል እንዴ፣ ይብሉ» አላቸው። ከልቡ ነው ያለው፤ አባቴ ሩኅሩኅ ሰው ነበር። ግን ይብሉ ማለቱ ይባስ አደረገው። ጋሽ ማቴዎስ ኮፍያቸውን አነሡ።

«አቶ ወልዴ፣ እግዜር ይስጥልን። እህል ቀምሰናል። የበላ አፍ አይለምንም። ለዛሬ አፋችን ታስሯል።»

«እንግዲህ…» አለ አባቴ።

እዚያ ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። አባቴ ሊሰጥ፣ እነሱ ሊቀበሉ፣ እናቴ እልል ልትል፣ እኔ ልሄድ። አንድም እምቢ ያለ ሰው የለም። አንድ ሰው መለመን ነበረበት፣ መለመን የሚችል ግን አልቀረም። እኔ መጋረጃውን በሁለት እጄ ጨምድጄ «አባዬ በል፣ እሺ በል» እላለሁ፤ በልቤ ነው። ድምፅ ቢወጣኝ ኖሮ እላችኋለሁ፣ የሚወረወርብኝን ስድብ ሁሉ እችለው ነበር። አልወጣም።

አባቴ እስከ አስፋልቱ ሸኛቸው። ከመስኮት አያቸዋለሁ፤ አራት ሰዎች በካፊያ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ አቶ ወራሳ በአባቴ ክንድ ተደግፈዋል። በዚያ ሁሉ መንገድ ያወሩት ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው መድረቅ ነው፣ ኋላ ለናቴ እንደነገራት። ተመልሶ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «ይመለሳሉ» አለ።

አልተመለሱም። ታሪኩ ከሳምንት በኋላ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አገኘኝ። አቶ ወራሳ በሐፍረት አልጋ ይዘዋል አለኝ። እሳቸው በሕይወት እያሉ ሌላ ሽማግሌ በቦታቸው መላክ በቁማቸው መቅበር ነው፤ የሚደፍርም አልተገኘም። «አባትሽ አንድ ሰው ይላክ» አለኝ። «ኑ ብቻ ይበላቸው።»

ለናቴ ነገርኳት፣ እናቴ ለአባቴ ነገረችው። አባቴ መቀሱን አስቀመጠ። አልተቆጣም። «እኔ የሴት ልጅ አባት ሆኜ፣ ልጄን ውሰዱልኝ ብዬ ልላክ? ነገ ቤታቸው ስትገባ የተላከች ዕቃ አይሏትም?» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለኔ ክብር ብሎ ነው፤ ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ። ቢጠላኝ ኖሮ እጣላው ነበር።

ክረምት ሲገባ ታሪኩ ያቤሎ ተዛወረ። ያን ጊዜ ሞባይል የለ፣ ምን የለ። መኪናው ሲነሣ በመስኮት እጁን አፉ ላይ አድርጎ አየኝ፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅኩም።

በዓመቱ ሌሎች ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸው ቡና በመኪና የሚያመላልስ ሰው ነው፤ እኔ አላውቀውም፣ ሱቃችን ሱሪ ሲያሰፋ አይቶኝ ነው አሉ። እናቴ ገና ምግቡን አላቀረበችም። አንደኛው ሽማግሌ «አቶ ወልዴ፣ አመጣጣችን…» ብሎ ጀመረ፣ ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አልጨረሰም።

«እሺ» አለ አባቴ።

ሰዎቹ ደነገጡ። እርስ በርስ ተያዩ። አክስቴ ጓዳ ሆና «ወልዴ አብዷል?» አለች። እኔ ግን ገባኝ። አባቴ ፈርቷል። እንደገና አፉን ከፍቶ እንዳይቀር፣ ደግሞ አንድ ነገር እንዳይወድቅ፣ ደግሞ ልጁ መጋረጃ ይዛ እንዳትቀር ፈርቶ ነው። ለታሪኩ ያዘጋጃትን እሺ ሌላ ሰው መጥቶ ወሰዳት። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ እናቴ እልል አለች።

ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ዝምተኛ ነበር፣ መንገድ ወዳድ ነበር፣ ከሞያሌ ሲመለስ ለልጆቹ ቴምር ያመጣል። አራት ልጆች ወልደን፣ ተከባብረን ኖረን፣ ከሦስት ዓመት በፊት ዐረፈ። ስቀብረው ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ሰው ግን ሁለት ነገር በአንድ ልብ ይዞ መኖር ይችላል፤ ይህን ማንም አያስተምርም። አባቴም ካረፈ ቆየ። እስከ መጨረሻው ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም።

አምና ጨለለቅቱ ለቅሶ ሄጄ ነበር፣ አብራኝ ያስተማረች ጓደኛዬ ወንድሟ ሞቶባት። ድንኳን ውስጥ አንድ አዛውንት ባቄላ ንፍሮ እየቆረጠሙ ትክ ብለው ያዩኛል። ጋሽ ማቴዎስ ናቸው። በጣም አርጅተዋል፤ ያ ሁሉ ንግግር ከስቶ ጥቂት ቃል ቀርቷቸዋል። ታሪኩ ያቤሎ የልጅ ልጅ አይቷል አሉኝ። አቶ ወራሳ እኔ በተዳርኩበት ዓመት ነው ያረፉት።

«እኛ እኮ» አሉ ኋላ፣ «እህል ቀምሰን በወጣን ማግስት ከዲላ አልወጣንም ነበር። መናኸሪያው ተቀምጠን መኪና እናሳልፋለን። አቶ ወራሳ አልሳፈርም አሉ። ይጠራናል፣ ደግ ሰው ነው ይጠራናል ይላሉ። እስከ ምሳ ጠበቅን።»

ያን ጠዋት ታየኝ። ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ ልጅ ሮጦ ይደርሰዋል።

«አባቴም ሱቁን አልከፈተም» አልኳቸው። «ኮቱን ለብሶ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ነበር። ይመለሳሉ እያለ። እስከ ምሳ።»

ጋሽ ማቴዎስ ንፍሮውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ከድንኳኑ ውጭ ሰዎች አግዳሚ ወንበር እየጎተቱ ነበር። እኔን ሳያዩ፣ «እሺ» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እኔም «እሺ» አልኩና ውሃ አቀበልኳቸው።